ካንሰሩን ትተን ስለ ሾፌሩ እናውራ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት የጤና አምዳችሁ ላይ «ሞባይል የአንጎል ካንሰር እንደሚያመጣ የዓለም ጤና ድርጅት አረጋግጧል» የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። ድርጅቱ እንዲህ ያለ ነገር አላረጋገጠም።

እ.ኤ.አ. በ2011 የድርጅቱ የካንሰር ምርምር ተቋም የሞባይል ሞገድን «ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» በሚለው 2ቢ በተባለው ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ማስረጃው ውስን ስለሆነ ነው እዚያ የገባው። የእሬት ቅጠል ጭማቂም እዚያው ምድብ ውስጥ አለ። የሚገርመው ሌላው ነው። በ2016 ይኸው ተቋም ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሚፋጅ ትኩስ ነገር መጠጣትን ከሞባይል አንድ ደረጃ አስበልጦ 2ኤ ላይ አስቀመጠው። ቤት ውስጥ የሚነድ የማገዶ እንጨት ጭስም እዚያው 2ኤ ላይ ነው። እኛ ግን ጭሱን እየማግን፣ የሚፋጀውን ቡና ፉት እያልን፣ ስለ ስልክ ጨረር እንሟገታለን።

ከ2011 ወዲህም ብዙ ተጠንቷል። በ2022 የወጣ የእንግሊዝ ጥናት ከ776,000 በላይ ሴቶችን ለዓመታት ተከታትሎ በሚጠቀሙትና በማይጠቀሙት መካከል የአንጎል ዕጢ ልዩነት አላገኘም። በ2024 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ ያሠራው ግምገማ 63 ጥናቶችን አገላብጦ ሞባይልን ከአንጎል ካንሰር ጋር የሚያያይዝ ነገር አጣ። 10 ዓመትና ከዚያ በላይ የተጠቀሙት ሰዎች ላይም እንደዚያው ነው። ሞገዱ እንደ ራጅ ዘረ መል የሚሰብር ጉልበት የለውም። የሚታወቀው ሥራው በጥቂቱ ማሞቅ ነው።

አሁንም ልቡ ያልረጋ ሰው በኢርፎን ያውራ። ስልኩ ከጭንቅላት ትንሽ ሲርቅ ሞገዱ በብዙ ይቀንሳል። ኔትወርክ ሲደክም ደግሞ ወሬውን ያሳጥር፤ ስልኩ ታወሩን ለማግኘት የሚያወጣው ኃይል ያኔ ነው የሚጨምረው። (ታወሩ ሲቀርብ ስልኩ የሚያወጣው ኃይል ይቀንሳል ማለት ነው፤ ሰፈራችን ታወር አይተከልብን ብለው ፊርማ የሚያሰባስቡ ጎረቤቶቼ ይህን ቢሰሙ ደስ ይለኛል።)

ሞባይል ጉዳት የለውም እያልኩ አይደለም። እንቅልፍ ይነሳል። ለሕፃናትም ከ2 ዓመት በታች ስክሪን ጨርሶ አይመከርም፤ ይህን ግን ብዙ ሰው ያውቀዋል፣ አልመለስበትም። እኔን የሚያሳስበኝ የሾፌሩ ስልክ ነው።

በቅርቡ ከመገናኛ ወደ ሲኤምሲ በሚሄድ ሚኒባስ ጋቢና ተቀምጬ ነበር። ሾፌሩ በግራ እጁ መሪ፣ በቀኙ ስልክ ይዟል። መልእክት ይጽፋል። ዓይኑ አንዴ መንገዱ ላይ፣ አንዴ ጭኑ ላይ ነው። ዜብራው ጋ ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች ሊሻገሩ ቆመዋል። ከኋላ አንዲት እናት «የኔ ልጅ፣ ኧረ በማርያም ስልኩን ተወው» አሉት። «አይዞሽ ማዘር፣ ለምጄዋለሁ» አላቸው። ሌላ ሰው ትንፍሽ አላለም። ግማሹ ተሳፋሪ ራሱ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል።

መልመድ ግን አያድንም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ እየነዳ ስልክ የሚጠቀም ሾፌር የመጋጨት ዕድሉ ወደ 4 እጥፍ ይጠጋል። እጅ ነፃ አድርጎ ማውራትም ያን ያህል አያሻሽለውም፤ ምክንያቱም ሐሳቡ ከመንገዱ ወጥቷል። የአገራችን ሕግ እየነዱ ስልክ መያዝን ይከለክላል። ሾፌሩም ያውቀዋል። ትራፊክ ፖሊስ ሲያይ ስልኩን ጭኑ ሥር ይወሽቀዋል፣ ትንሽ አለፍ ሲል መልሶ ያወጣዋል። በአፕሊኬሽን የሚሠሩት ባለ ታክሲዎች ደግሞ እየነዱ ካልነኩት ቀጣዩ ሥራ ያመልጣቸዋል። ይህንን በቅጣት ብቻ የምንወጣው አይመስለኝም። አሠራሩ ራሱ መታየት አለበት።

ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። በሚቀጥለው አምዳችሁ አንድ የድንገተኛ ክፍል ሐኪምና አንድ ትራፊክ ፖሊስ አነጋግሩልን። ሾፌሮችንም ጠይቁ፤ እየነዱ ማን እንደሚደውልላቸው ይንገሯችሁ። ባለቤቱ፣ አለቃው፣ ሚስቱ፣ እኛ ደንበኞቹም ሳንቀር ነን። የካንሰሩ ወሬ እርማትም እዚያው ገጽ ላይ ይውጣልን።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ