ስለሚጥል በሽታ፣ ስለ ጠበልና ስለ ኪኒን፦ ለጤና ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በሚጥል በሽታ ላይ የእምነቱና የሕክምናው ድርሻ ተለይቶ ለሕዝብ እንዲነገር ስለመጠየቅ

ክቡራን የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች፣

ይህን የምጽፍላችሁ የሚጥል በሽታ ያለባት እኅት ያለችኝ፣ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ያደግሁና ዛሬም ጠበል የምጠመቅ ሰው ነኝ። አስቀድሜ መናገሬ ቀጥሎ የምለው ሃይማኖትን ለመንቀፍ የተጻፈ እንዳይመስል ብዬ ነው።

እኅቴ መጀመሪያ የወደቀችው በ14 ዓመቷ፣ ቡና እያፈላች ሳለ ነው። ቀኝ እጇ የከሰል ምድጃው ላይ አረፈ። ቡና ሊጠጡ ከተሰበሰቡት ጎረቤቶች ሁለቱ ወደ በሩ ሸሹ፤ አረፋው የነካው ሰው ይያዛል ይባላልና። ሦስተኛዋ ክብሪት ጭራ እፍ ብላ አጠፋችና ጭሱን አፍንጫዋ ሥር ያዘችላት። ጥቂት ቆይቶ መንቀጥቀጡ ቆመ፤ ሴትየዋም “አያችሁ!” አለች። እናቴ ከጓዳ ሮጣ እስክትደርስ ድረስ እጇን ከምድጃው ያነሣላት ሰው አልነበረም። ጠባሳው ዛሬም አለ።

እንዲህ ያለው መንቀጥቀጥ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ደቂቃ በራሱ እንደሚቆም ያወቅሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ክብሪት ፈልጎ፣ ጭሮና አጥፍቶ እስኪያሸትቱ ድረስ ያ ደቂቃ ያልፋል፤ ስለዚህ የጫረ ሁሉ ክብሪቱ የሠራ ይመስለዋል፣ ያልተጫረለትም እኩል እንደሚነቃ ልብ የሚል ግን ጥቂት ነው። ክብሪቱ በየትኛውም ቅዱስ መጽሐፍ አልታዘዘም። ሆኖም በሽታው የርኩስ መንፈስ ነው ከሚለው እምነት ጋር ተዳብሎ ስለኖረ የእምነቱን ክብር ተከናንቧል፤ የሚነካውም የለም።

በቤታችን መቁጠር የጀመረችው ፊደል ያልቆጠረችው እናቴ ናት። የቅዱሳን ሥዕል ባለበት የግድግዳ ካላንደር ላይ፣ እኅቴ በወደቀች ቁጥር በዕለቱ ሣጥን ውስጥ በእስክሪብቶ አንድ ጭረት ታሰምር ነበር። በመጀመሪያዎቹ ወራት ስድስትም ሰባትም ጭረት ይገኛል። ጤና ጣቢያ ፌኖባርቢታል የተባለው ኪኒን ታዞላት በየማታው መዋጥ ከጀመረች በኋላ ጭረቱ እያነሰ ሄደ፤ ቀጥለው የመጡት አራት ወራት ባዶ ናቸው። በፍልሰታ ጾም ወደ አንድ ጠበል ወሰድናት፤ እዚያ ያገኘነው አንድ አገልጋይ ኪኒንና ጠበል አብረው አይሄዱም ስላለን አቋረጥን። በአምስተኛው ቀን፣ በአንድ ሌሊት ሦስት ጊዜ ወደቀች። ጠበሉ አልጎዳትም፤ የጎዳት የኪኒኑ በድንገት መቋረጥ ነው። እናቴ ይህን ከካላንደሩ አንብባ ከዚያ ወዲህ ልጇን ጠዋት ታስጠምቃለች፣ ማታ ኪኒኗን ትሰጣታለች። እምነቷም ሲቀንስ አላየሁም።

የምጠይቃችሁ ከዚህ የተለየ አይደለም። በሽታው ለምን በእኅቴ ላይ መጣ፣ ጠበሉ ለነፍሷ ምን ይሰጣታል የሚሉት ጥያቄዎች የእምነት ናቸው፤ መሥሪያ ቤታችሁ መልስ እንዲሰጥባቸው አልሻም፣ ቢሰጥም አልቀበለውም። አረፋው ይጋባል ወይ፣ ጭሱ ይጠቅማል ወይ፣ መድኃኒቱ ሲቋረጥ ምን ይከተላል የሚሉት ግን የሚታዩና የሚቆጠሩ፣ አማኝም ሆነ የማያምን ቢቆጥራቸው አንድ ዓይነት መልስ የሚሰጡ ናቸው። እነዚህን ጥያቄዎች ያነሣሁላቸው አንድ የጤና ባለሙያ “የእምነት ጉዳይ ስለሆነ አንገባበትም” አሉኝ። ይህ አክብሮት ሳይሆን የራስን ሥራ መተው መሰለኝ።

ዕውቀቱም ከውጭ ብቻ የመጣ አይደለም። በፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት መሪነት ቡታጅራና አካባቢዋ ከ60,000 በላይ ሰዎችን ቤት ለቤት ያዳረሰ ጥናት ተካሂዶ፣ ከ1,000 ሰዎች 5.2 ያህሉ ይህ በሽታ እንዳለባቸው አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ትክክለኛ ሕክምና ቢያገኙ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ታማሚዎች ሳይወድቁ መኖር ይችላሉ። ፌኖባርቢታል ደግሞ በሕክምና ላይ ከዋለ ከ100 ዓመት በላይ የሆነው፣ ርካሽ መድኃኒት ነው።

ቤተ ክርስቲያንም ለዚህ እንግዳ አይደለችም። የኤች አይ ቪ ታማሚዎች ጠበል ሲገቡ መድኃኒታቸውን ያቋርጡ በነበረበት ዘመን፣ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረዋል። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር ይላል፤ መድኃኒትንም ከምድር ያስገኘ እግዚአብሔር እንደሆነ ይነግረናል። ለሚጥል በሽታ ተመሳሳይ ቃል ከሲኖዶሱ፣ ከእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤትና ከአብያተ ክርስቲያናት መሪዎች አብራችሁ ብትጠይቁ ይነፍጓችኋል ብዬ አላምንም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም በየቤቱ ሲዞሩ፣ የወደቀን ሰው ከእሳትና ከውኃ ማራቅን፣ በጎኑ ማስተኛትን፣ አፉ ውስጥ ምንም አለመክተትን፣ መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ጤና ተቋም ማድረስን ቢያስተምሩ፣ የብዙ ልጆች እጅ ከምድጃ ይተርፋል።

ይህን ሁሉ ብዬ አንድ ነገር ብዘል ግን ጠበልተኛውን ብቻ መውቀስ ይሆንብኛል። ኪኒኑን የሚያቋርጠው ሁሉ በእምነት ምክንያት አያቋርጥም። እናቴ በያዝነው ወር ከጤና ጣቢያው መድኃኒት ቤት መስኮት ሁለት ጊዜ “አልቋል፣ ከሳምንት በኋላ ይመለሱ” ተብላለች፤ ከግል ፋርማሲ ለመግዛትም ሦስት ቦታ ዞረን አላገኘንም። ባለሙያው ኪኒኑን አንድም ቀን እንዳታቋርጥ ነግሯት መስኮቱ ባዶ ከሆነ፣ ያ ምክር ምን ዋጋ እንዳለው ለእናቴ ማስረዳት አልቻልኩም። ስለዚህ ከትምህርቱና ከመግለጫው በፊት፣ ፌኖባርቢታል በየጤና ጣቢያው ሳይቋረጥ የሚደርስበትን መንገድ እንድታስተካክሉ በአክብሮት እጠይቃለሁ። በቤታችን የቀረው የዘጠኝ ቀን ኪኒን ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የአንዲት ታማሚ ወንድም