«የመንደር እርቅ» ብላችሁ አትለፉት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው ሳምንት ስለ ደቡብ ሱዳን ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩት። ጸሐፊው በየአካባቢው ታጣቂዎች የሚያደርጉትን የተኩስ ማቆም ስምምነት «የመንደር እርቅ» ይለዋል። ጊዜ መግዣ ነው ብሎም በሁለት መስመር ዘግቶታል። ከፋኝ። እኔ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። በደርግ ጊዜ ጋምቤላ ውስጥ በኢታንግ የስደተኞች መጠለያ ሠርቻለሁ። ኋላም ኬንያ ጠረፍ ላይ ሎኪቾጊዮ በነበረው የቀይ መስቀል ሆስፒታል፣ ከደቡብ ሱዳን በአውሮፕላን የሚመጡ ቁስለኞችን ሳክም ዓመታት አሳልፌአለሁ። ያየሁትን ልንገራችሁ።

ኢታንግ ላይ የደቡብ ሱዳን ሁለት ትልልቅ ሕዝቦች፣ ዲንካና ኑዌር፣ በአንድ ሰልፍ ቆመው ማሽላ ሲቀበሉ አውቃቸዋለሁ። ግንቦት 1983 ደርግ ሲወድቅ መጠለያው በቀናት ውስጥ ባዶ ሆነ። ሕዝቡ ድንበር ተሻግሮ ወደ ናስር ነጎደ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ኑዌሩ አዛዥ ሪክ ማቻርና ጓዶቹ እዚያው ናስር ላይ ከአማጺው ጦር መሪ ከዲንካው ጆን ጋራንግ ተገነጠሉ። የአዛዦች ጠብ ነበር። ግን አንዱ ወገን በኑዌር፣ ሌላው በዲንካ ወጣቶች እጅ መሣሪያ ስለሞላ ጠቡ የጎረቤት ሆነ። በኅዳር 1984 በዲንካዎቹ አገር ቦር አካባቢ ሁለት ሺህ ያህል ሰላማዊ ሰው እንደተገደለ አምነስቲ ገምቷል። ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ከብት ሲዘረፍ፣ ልጅና ሴት ሲጠለፍ፣ ጎጆ ሲቃጠል ኖረ።

በሰኔ 1990 የአዲሲቱ ሱዳን አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት የሁለቱን ወገን ባላባቶች ሎኪቾጊዮ ላይ አገናኘ። ከዚያ ባላባቶቹ አንዱ የሌላው አገር ሄደው ተያዩ። ይቺ ቀላል ነገር እንዳትመስላችሁ። ቀጥሎ ከየካቲት 20 እስከ 29 ቀን 1991 ዓ.ም. ባሕር ኤል ጋዛል ውስጥ ዉንሊት በምትባል መንደር ጉባኤ ተቀመጡ። መጀመሪያ ነጭ ኮርማ ታረደ። ቃሉን ያፈረሰ እንደዚህ ኮርማ ይሁን ተባለ። በኋላ በደሉን መናገር ሆነ። አንዱ ወገን ሲናገር ሌላው ዝም ብሎ ይሰማል። ማን የማንን ከብት እንደነዳ፣ ማን የማንን ልጅ እንደወሰደ፣ በስም በስሙ። ይህ ቀናት ፈጀ። እኛ ደም ማድረቅ ስንል የምናውቀው ነገር ነው።

የተስማሙበትን ደግሞ ተመልከቱ። ከዚያ ዓመት በፊት ለተፈጸመው ምሕረት ይደረግ። የተጠለፉ ይመለሱ። የድንበሩ ግጦሽና ዓሣ ማጥመጃ ወዲያው ለሁለቱም ይከፈት። ሰው በነፃ ይሂድ፣ ይነግድ። ሁሉም እጅ የሚነካው፣ እግር የሚረግጠው ነገር ነው።

ወሬው እኛ ዋርድ ሲደርስ አንድ እግሩ የተቆረጠ ዲንካና አንድ ሆዱን የተመታ ኑዌር ወጣት ጎን ለጎን ተኝተው ነበር። ኑዌሩ ግንባሩ ላይ ከጆሮ እስከ ጆሮ ስድስት መስመር አለው። ዲንካው ደግሞ ወደ ቅንድቡ የሚወርድ ጠባሳ። ማን ማን እንደሆነ መደበቅ የለም። ለሳምንታት አንድ ቃል አልተነጋገሩም። ዲንካው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር የሚተኛው። አንድ ቀን ጠዋት ቁስሉን ስጠርግለት፣ «ሲስተር፣ ጠይቂልኝ፤ የወንዙ ማዶ ሣር እውነት ተከፍቷል?» አለኝ። በተሰባበረ አረብኛዬ ጠየቅኩለት። ኑዌሩ ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ ቆየና፣ «ወንድሜ ከብቶቹን ይዞ እዚያ ነው፤ ከናንተ ሰዎች ጋር» አለ። ትንሽ ቆይቶ ዲንካው ስለ እህቱ ጠየቀ። በልጅነቷ የተወሰደች፣ የግራ ጆሮዋ ጫፍ የተቀደደ። ወጣቱ እንደማያውቃት ነገረው። ግን የአባቷን ስም፣ የጎሳዋን ስም፣ የተወሰደችበትን ወቅት አንድ በአንድ ጠይቆ ደጋገመው፣ እንዳይረሳው። ከሆስፒታል ሲወጣም ስሟን ለራሱ እየጠራ ነበር። ተገናኝተው ይሁን አይሁን አልሰማሁም። ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞር የነበረው ሰውዬ ግን ከዚያ ጠዋት ጀምሮ ወደ በሩ ዞሮ ይተኛ ነበር።

ዉንሊት ሁሉን ፈታ አልልም። የናይል ምዕራብ እርቅ ነበር፤ ምሥራቁ እንደታመመ ቀረ። ግን ጋራንግና ማቻር በ1994 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ እጅ ለእጅ ሲያያዙ፣ ባላባቶቹ ከታረቁ ሦስት ዓመት ገደማ ሆኗቸው ነበር። መንገዱን የጠረገው የታች ሰው ነው።

ታኅሣሥ 6 ቀን 2006 ጁባ ላይ ጦርነቱ እንደገና ሲፈነዳም ከላይ ነው የጀመረው፤ በፕሬዚዳንቱ ሳልቫ ኪርና በማቻር ጠብ። ከዚያ ወዲያ ስምምነቱ እዚሁ አዲስ አበባችን ተፈረመ። ጥር 15 አንዴ፣ ግንቦት 1 ደግሞ ሁለቱ መሪዎች ራሳቸው። በሁለቱም ጊዜ ተኩሱ ቀናት እንኳ አልቆመም። በቴሌቪዥን ፊርማውን ሳይ የጠበቅኩት አንድ ነገር ነበር፤ ሣሩስ? የተወሰዱት ልጆችስ? አልሰማሁም።

ጸሐፊያችሁ «የመንደር እርቅ ይፈርሳል» ማለቱ እውነት ነው። ግን ማን እንደሚያፈርሰው ይጻፍ። ጥይቱ ከመንደር አይመጣም። ሽማግሌ ከኮርማ በቀር ምን አለው? ከላይ ያሉት መሣሪያ ባደሉ ቁጥር የእሱ ቃል ይሰበራል፣ ከዚያ ደግሞ «ኋላ ቀር ሽምግልና» ይባላል። ይህ ግፍ ነው።

አንድ ልመና አለኝ። ጋምቤላ ኩሌና ቲርኪዲ መጠለያ ብዙ የኑዌር አዛውንት አሉ። ጋዜጠኛ ላኩ። ማን መሪ ይሁን ብሎ አይጠይቃቸው። የማን ከብት የት ውሃ እንደሚጠጣ፣ የትኛው መንገድ ለማን እንደተዘጋ፣ ልጅ የጠፋበት ማን እንደሆነ ይጠይቅ። ማስታወሻ ደብተሩ ወፍራም ይሁን፤ ስም በስም ነው የሚነግሩት።

አክባሪያችሁ፣
አንዲት ጡረተኛ ነርስ፣ ከጅማ