ማርቆስ ኮሮናን ረስታዋለች ላልሽው ክስ፣ የአባትሽ መልስ

ደብረ ማርቆስ
መስከረም 28 ቀን 2013 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናትሽም እኔም ደህና ነን። ላሚቱ ወንድ ጥጃ ወልዳለች።

ስልክ እያለ ወረቀት ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። ስደውልልሽ ከአንቺ በፊት ኮሮና እያነሣ ተቸገርኩ እኮ! እጃችንን በሳሙና እንታጠብ የሚለው የስልኩ ጥሪ ድምፅ እስኪጨርስ ልነግርሽ ያሰብኩት ከጭንቅላቴ ይወጣል። አንቺም ስታነሺ ከእሱ ተቀብለሽ ትቀጥያለሽ፤ ማስክ ታደርጋላችሁ ወይ፣ ለቅሶ ቤት አትቀመጡ፣ መስቀል አትሳለሙ። መልሴን ሳልጀምር ካርዱ ያልቃል። ዕድሜዬን ሙሉ ፍርድ ቤት መዝገብ ክፍል ቁጭ ብዬ የሰው አቤቱታ ስቀበል ኖሬ፣ በጡረታዬ አንድ የራሴን መልስ ብጽፍ ነውር የለውም።

ክስሽ «ማርቆስ ኮሮናን ረስታዋለች» የሚል ነው። በከፊል አምናለሁ፣ በከፊል እክዳለሁ።

በመጀመሪያ የማምነውን። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መጋቢት 30 ቀን ታወጀ፤ ዕድሜው አምስት ወር ነበር፤ አዲሱ ዓመት ሊገባ ሲል አለቀ። አገሬው ታዲያ አዋጁ ሲያበቃ በሽታውም አብሮ የተሻረ መሰለው። «ተነሥቷል እኮ!» ይሉኛል። ምኑ ነው የተነሣው ስላቸው፣ «ኮሮናው!» በሽታው አዋጁን አላነበበውም፣ ተከራካሪ ወገንም አልነበረም ብዬ ባስረዳ ማን ይሰማኛል። የጤና ሚኒስትሯ ዶክተር ሊያ ታደሰ ቁጥሩን ያወጣሉ፤ አሁን በአገሪቱ ከ75 ሺህ በላይ ሰው ተይዟል፣ ከ1 ሺህ በላይ ሞቷል። መጋቢት 4 ቀን አንድ ሰው ተገኘ ሲባል ግን ይህ ከተማ በሩን ዘግቶ ነበር የዋለው።

በተለይ መጋቢት 22 ቀን ባሕር ዳር፣ እንጅባራ፣ አዲስ ቅዳምና ቲሊሊ ለ14 ቀን መግባት መውጣት የተከለከለ ጊዜ ማንም አልቀለደም። ከዚያ ወዲያ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ሎሚ ዋጋቸው አልቀመስ አለ። እናትሽ ጠዋት ፌጦ በሎሚ፣ ማታ ነጭ ሽንኩርት በማር እያደረገች ስትግተኝ ከረመች። ከዚያ ራሷ አጠገቤ መቀመጥ ተወች። ያንን የሁለት የአዋቂ እርምጃ ርቀት የጠበቀችልኝ በሽታውን ፈርታ ሳይሆን ሽታዬን ሸሽታ ነው።

የመጀመሪያው ታማሚ ጃፓናዊ ነው ስለተባለ የሰፈር ልጆች የውጭ ሰው ባዩ ቁጥር «ኮሮና! ኮሮና!» ማለት ጀምረው ነበር። አንድ ቀን ሰብስቤ ገሠጽኳቸው። ደጀን በረሃ ወርዳችሁ ዓባይን የምትሻገሩበትን አዲሱን ድልድይ ማን ሠራው? በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራ አይደለም ወይ? አልኳቸው። አንዱ ፍንጭት ልጅ አየት አደረገኝና «ጋሼ፣ ታዲያ ኮሮናውም በእሱ ድልድይ ነው የተሻገረው?» አለኝ። ትምህርት ቤት ተዘግቶ የከረመ ልጅ ነው ይህ! ተከፍቶ ቢማር ምን ሊሆን ነው?

አሁን ወደ ሰላምታው ልምጣ፤ ያስቸገረን እሱ ነው እንጂ እጅ መታጠቡስ ቀላል ነበር። አዋጁ መጨባበጥ ከለከለ። ጎጃሜ ደግሞ ከተጨባበጠ በኋላ ነው ሰላምታ የሚጀምረው፤ ትከሻ አለ፣ ጉንጭ አለ፣ ለትልቅ ሰው ጉልበት አለ፣ ለቄሱ መስቀል አለ። ይህን ሁሉ አንሥተሽ ምን ትተኪበታለሽ? ክርን ተባለ። ጎረቤታችን ሃምሳ አለቃው በክርኑ የሰጠኝ ሰላምታ እስከ ሰኔ ድረስ ጎኔን ሲወጋኝ ነበር። መሪጌታው ደግሞ ከሩቅ ጎንበስ ማለትን መረጡ። እሳቸው ጎንበስ፣ እኔ ጎንበስ፣ እሳቸው ደግመው ጎንበስ፤ ከእሳቸው ቀድሜ ቀና ማለት ድፍረት ነው፣ እሳቸውም ትሑት ሰው ናቸው፣ ቀድመው ቀና አይሉም። መንገድ መሐል ስንሰግድ አህያ የምትነዳ ሴት ደረሰችና «ምን ወደቀባችሁ? ልፈልግላችሁ?» አለችን።

እጅ ሲቀር ደግሞ ቃሉ በዛ። ድሮ ትከሻ ለትከሻ ተገጣጥመሽ በጆሮ የምትጨርሺው ነገር አሁን በጩኸት ሆነ። «ልጆች ደህና? ያ የታመመው በሬስ? የመሬቱ ክርክር ምን ደረሰ? ሴትዮዋ ታረቀች?» ሰፈሩ በሙሉ የሰፈሩን ምሥጢር ሰማ። ርቀቱ ራሱ ሙግት ወለደ። ሁለት የአዋቂ እርምጃ ተባለ፤ አዋቂው ማን ነው? ሃምሳ አለቃው ሁለት ከተራመደ ሌላ ቀበሌ ይገባል፤ መሪጌታው ሁለት ቢራመዱ ገና ከጥላቸው አይወጡም። ባንክ ቤት በር ላይ ሁለት ጎልማሶች እንደ መሬት ድንበር «ገፋኸኝ»፣ «አልገፋሁህም» ሲባባሉ፣ የድሮ ሥራዬ ትዝ ብሎኝ ብዕር ልመዝ ምንም አልቀረኝ።

የማኅበራችንን ነገርማ ብትሰሚ! ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ክልክል ነው ተባለ። እኛ አሥራ ሁለት ነን። የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴያችን፣ ተነሣና፣ አሥራ ሁለት ለአራት ሲካፈል ሦስት ነው፣ የዛሬው ደጋሽ ቤት ደግሞ ሳሎን፣ ጓዳና በረንዳ አለው፣ ብሎ ፈረደ። አራት አራት ሆነን ገባን። ቄሱስ ከየትኛው ይቆጠሩ? አሥራ ሦስተኛ ሆኑ። ብዙ ከተመከረበት በኋላ መቃኑ ላይ ቆመው ጸሎቱን አደረሱ፤ ከየትኛውም ክፍል አልገቡም ተባለ። ጣሳ ደግሞ የየራስ ነው ተብሎ እናትሽ የእኔ ላይ ስሜን በምስማር ጫረችበት። ስንወጣ ስሜ የተጻፈበት ጣሳ ሃምሳ አለቃው እጅ ላይ ተገኘ፤ የእሱ ትንሽ ነበር። ሕጉን በፊደሉ ጠብቀናል። ይግባኝ ቢባልብን ግን የሚፈረድብን ይመስለኛል።

የምክደው ከዚህ ይጀምራል። ረሱ አትበይን። ሚያዝያ 11 ቀን ፋሲካን እቤታችን ነው የዋልነው። የሕማማቱን ስግደት እናትሽ ቴሌቪዥኑ ፊት አደረሰችው፤ ዓርብ ዕለት መሐል ላይ መብራት ጠፋ። እኔ በቃ አለቀ ብዬ ተቀመጥኩ። እሷ ግን ጥቁሩን መስተዋት ፊት ለፊት እያየች እስከ መጨረሻው ሰገደች። ግንቦት ላይ ከታች ሰፈር ያሉት አሮጊት ሲያርፉ ድንኳን አልተጣለም፣ ሬሳው በጥቂት ሰው ሄደ፣ ዕድሜ ልካቸውን የሰው ለቅሶ ሲደርሱ የኖሩ ሴት ናቸው። የእሱን ነገር ስትመጪ እነግርሻለሁ፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አይሄድልኝም።

ማስክ አታደርጉም ላልሽው፣ ይህ አገር ብርድ ነው፤ ሰዉ ድሮም አፉንና አፍንጫውን በጋቢ ጀቡኖ ነው የሚወጣው። ማስኩንም ይዘናል። አደራረጉ ነው ትንሽ የሚለየው። ፖሊስ ከሌለ አገጭ ላይ ነው፣ ፖሊስ ካለ አፍ ላይ፣ አፍንጫ ድረስ የሚያወጣው ምርመራ ያለበት ሰው ብቻ ነው። ያለ ማስክ አይገባም የሚባልበት በር ላይ ደግሞ የወጣው ለሚገባው ያቀብላል። አንዷን ማስክ ስከተላት ስድስት ፊት ላይ አየኋት። ይህን ለማን ትከሺዋለሽ?

ሳኒታይዘር የጠፋ ሰሞን ፋርማሲው «አልቋል» ሲል አረቄ ቤቱ «አለ» ይል ነበር። የጤና ባለሙያ መጥቶ፣ አልኮሉ ቢያንስ 60 በመቶ ካልሆነ ተህዋሲውን አይገድለውም፣ ዳግም አረቄም ቢሆን እዚያ አይደርስም፣ ብሎ አስተማረ። ሃምሳ አለቃው በጥሞና አዳመጠና «አንድ መለኪያ ካልደረሰ ሁለቱ ሲደመር ያልፋል» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲደምር ይውላል።

አንቺ ከቤት ሆነሽ በኮምፒውተር መሥራት ስትጀምሪ ደግሞ እዚህ ሌላ ዜና ወጣ። የጎረቤት ሴቶች እናትሽን ቡና ላይ «ልጅሽ ከሥራ ወጣች አሉ፣ አይዞሽ» ብለው አጽናኗት። ደመወዝ ይከፈላታል ብትል፣ እቤት ተቀምጦ ደመወዝ የሚበላ ሰው አይተው ስለማያውቁ ይባስ አዘኑላት።

የዓለሙን ወሬ በሬዲዮ እከታተላለሁ። የማዳጋስካሩ ፕሬዚዳንት አንድሬ ራጆሊና ከአርቴሚሲያ የተቀመመ መጠጥ ለኮሮና መድኃኒት ነው ብለው በአደባባይ ሲጠጡ፣ እናትሽ ተክሉን በቴሌቪዥን አይታ «ይሄማ የአሪቲ ዘመድ ነው» አለች። እውነቷን ነው፣ አንድ ወገን ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት፣ የእኛው ዶክተር ቴድሮስ የሚመሩት፣ ገና አልተረጋገጠም አለ። ጎረቤት ግን የሰማው የእናትሽን ነው። በማግስቱ የጓሯችን አሪቲ ከነሥሩ ተነቅሎ አደረ።

የትራምፕን ነገር ሰምተሻል። መስከረም 22 ቀን ተይዘዋል ሲባል አረቄ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ሃምሳ አለቃው ይወዳቸዋል። ሚያዝያ ላይ ፀረ ተህዋሲውን ፈሳሽ ወደ ሰውነት በመርፌ ብናስገባውስ ብለው ከጠየቁ ወዲህ፣ ከእሱ መንገድ ብዙ የራቁ አልመሰለውም። ሌሎቹ ደግሞ በግድቡ ቂም ይዘዋል። ከእኛው ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ የሚነሣ ውሃ ዋሽንግተን ላይ ሲመከርበት ከረመ፤ ሐምሌ ላይ የመጀመሪያው ሙሌት 4.9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይዞ አለቀ፤ ከዚያ አሜሪካ እርዳታ ያዘችብን። ታዲያ በበሽተኛ አይሳቅም። ጠላ ሻጯ ነገሩን ጨረሰችው፤ «እግዜር ይማራቸው። ግን ስለ ዓባይ ያሉትን እያሰቡ ቀስ ብለው ይዳኑ» አለች። ሰውዬው ሆስፒታል ገብተው በሦስተኛው ቀን ወጡ። ዜናውን ስነግራት ማንቆርቆሪያዋን አስቀምጣ «ቀስ ብለው ነበር እኮ ያልኩት» አለች።

ከሁሉ የባሰው ግን የብር ለውጡ ነው። መስከረም 4 ቀን አዲሱ ብር መጣ፤ አሥሩ፣ ሃምሳውና መቶው ሊቀየር፣ ሁለት መቶ የሚባል ደግሞ አዲስ ተጨመረ፤ የተሰጠን ጊዜ ሦስት ወር ነው። አትሰባሰቡ ሲባል የከረመ ሕዝብ ባንክ በር ላይ ተፋፍጎ ዋለ። ይህ ብር ያልገለጠው ነገር የለም! ከዱቄት እንስራ፣ ከፍራሽ፣ ከግድግዳ ስንጥቅ፣ ከሙዳይ ሥር ያልወጣ ገንዘብ የለም። አንዱ ወዳጄ «ድሀ ነን» እያለች ስታስለቅሰው የኖረች ሚስቱ ባለገንዘብ መሆኗን የሰማው ከባንክ ሠራተኛዋ ነው። እሱም ታዲያ ከበቅሎው ኮርቻ ውስጥ ያወጣውን ይዞ እዚያው ሰልፍ ላይ ነበር፤ ስለዚህ ሁለቱም ዝም ተባብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። እኔስ በዚህ በኩል ተመስገን ነው። እናትሽ አንድም ብር ከእኔ አልደበቀችም። ያላትን ባንክ ወስደን ቀይረናል፤ ፊቴን ቀና አድርጌ ነው ከዚያ የወጣሁት።

እንግዲህ መልሴ ይህ ነው። ለጥቅምት መምጣትሽን ስለጠየቅሽኝ፣ ነይ። አውቶቡሱ ከነትርፉ ይጭናል፤ መስኮት አጠገብ ያዢ፣ መስኮቱን ክፈቺ፣ ብርድ ገባ ብሎ የሚጮህ ሰው አይጠፋም፣ አትስሚው። ስትመጪ ሁለት ደህና ማስክ ይዘሽልኝ ነይ፤ መነጽሬን የማያጉም የሚባል ካለ እሱን። አገር አቋራጩን ለሚነዳው የሰፈራችን ልጅ በርበሬና ትንሽ ማር ሰጥቼልሻለሁ፤ መናኸሪያ ሄደሽ ተቀበዪው።

አባትሽ

የእናትሽ ተጨማሪ፦
ልጄ፣ አባትሽ ደብዳቤውን ጠረጴዛ ላይ ትቶ ጥጃውን ሊያይ ወጣ። የበርበሬውን ቆርቆሮ ሰው ፊት እንዳትከፍቺው። ከሥሩ በፌስታል የተጠቀለለ አለ፣ አሮጌው መቶ ነው። እዚያው አዲስ አበባ ባንክ ወስደሽ ቀይሪልኝ። ሲቀየር መልሰሽ ወደዚህ አትላኪው፣ በስምሽ ይቀመጥ። ዳቦ ስጋግር አነጥሶኝ ነበር፣ ምንም አይደለም፣ የዱቄቱ ነው።