ዘይቱን ማን ገዛው? ለማህበራት ተቆጣጣሪው ኃላፊ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ፣

በደብዳቤ ጠየቅኩ፣ በአካል መጣሁ፣ ጸሐፊዎ ሁልጊዜ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ትለኛለች፣ ስብሰባው ካላለቀ እንግዲህ አደባባይ ላይ ያንብቡት።

ጉዳዩን ያውቁታል። ሳቢያን ሰፈራችን ውስጥ ዘይትና ደብተር የሚያድለው የበጎ አድራጎት ማህበር ጉዳይ ነው። አክስቴ የልጅ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ሴትዮ ናት፣ ስሟ ሊስቱ ላይ ነበር። ከእደላው በፊት ማህበሩ ሰዉን በባጃጅ እየጫነ የፓርቲ ስብሰባ ወሰደ፣ እሷ እግሯን አሟት ቀረች። እደላው ቀን ስሟ ተሰርዟል! ለምን ስትል «እማማ፣ እርስዎ መቼ ከኛ ጋር ሆኑና» አሏት። ዘይት ፓርቲ አለው እንዴ አቦ! በ1998 የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ቤቷን ሲወስደው ለእርዳታ ተሰልፋ እንኳን ፓርቲዋን የጠየቃት አልነበረም። አስተባባሪው ደሞ ጠዋት የማህበሩ ሰው ነው፣ ከሰዓት የፓርቲው አደራጅ፣ ቲሸርት ብቻ ነው የሚቀይረው።

እኔ ግን እናንተን የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው፣ ዘይቱን ማን ገዛው? የእርስዎ ባለሙያ «የለጋሽ ነገር የማህበሩ የግል ጉዳይ ነው» አለኝ። የግል? በአዋጅ 1113/2011 ማህበር በየዓመቱ የሥራና የኦዲት ሪፖርት ያስገባል፣ በመረጃ ነፃነት አዋጁ 590/2000 ደሞ መንግሥት ቤት ያለ መረጃ ስጠይቅ በ30 ቀን ውስጥ ወይ ትሰጡኛላችሁ ወይ የከለከላችሁበትን ምክንያት ትነግሩኛላችሁ። ይሄን ለእርስዎ ማስረዳቴ ራሱ ያሳፍራል።

ድሮ በቀድሞው የማህበራት አዋጅ 621/2001 ጊዜ ስለ መብት የሚሰራ ያገር ውስጥ ድርጅት ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ ካገኘ ጉድ ይፈላ ነበር። ያ ቀረ፣ እሰይ ቀረ፣ ግን አሁን ያገር ውስጥ ባለሀብት በማህበር ስም ብር ሲያፈስ ከየት ነው የሚል ጠፋ። ፓርቲው ራሱ ቢቀበለው በምርጫ አዋጁ 1162/2011 መሰረት ከማን እንዳገኘ መዝግቦ ለምርጫ ቦርድ ማሳወቅ ነበረበት፣ በማህበሩ በኩል ዞሮ ሲመጣ ግን ስም የለም ደረሰኝ የለም ዘይት ብቻ አለ፣ ነገ ባለሀብቱ ከዚራ አካባቢ መሬት ሲፈልግ ማን አፍ አለው እምቢ የሚለው?

የኦዲት ሪፖርቱን ኮፒ ስጡኝ፣ የአክስቴንም ስም ማን እንደሰረዘ አጣሩ። ሪፖርቱ ከሌላችሁ ደሞ «የለንም» ብላችሁ ጽፋችሁ ማህተም ምቱበት፣ እሱንም እወስዳለሁ።

የሳቢያን ነዋሪ፣ ድሬዳዋ