ቀለም ብቻ አይበቃም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ያረጁ ፋብሪካዎችንና መጋዘኖችን ለሕዝብ አገልግሎት ስለማዋል በባለፈው እትማችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ አነበብኩ። ቅር ያሰኘኝ ነገሩን የቀለምና የመስታወት ጉዳይ አስመስላችሁ ማቅረባችሁ ነው።

አሮጌ ሕንፃን ቤተ መጻሕፍት ማድረግን ለምሳሌ ውሰዱ። የቢሮ ወለል በአብዛኛው በካሬ ሜትር 250 ኪሎ ግራም ገደማ እንዲሸከም ታስቦ ይነደፋል። ጥቅጥቅ ብለው የቆሙ የመጻሕፍት መደርደሪያዎች ግን የዚህን እጥፍና ከዚያም በላይ ይጭኑበታል። ወረቀት ቀላል ነው የሚል ሰው ቤት ሲቀይር መጽሐፍ ተሸክሞ አያውቅም! ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው መሐንዲሱ እንጂ ቀለም ቀቢው አይደለም። የመውጫ በሮችም ነገር እንዲሁ ነው፤ ሃያ ሠራተኛ ይውልበት የነበረ አዳራሽ ሁለት መቶ ሰው ሲሰበሰብበት አንድ በር አይበቃውም።

ሊና ቦ ባርዲ የተባለችው አርክቴክት በብራዚሏ ሳኦ ፓውሎ ከተማ ውስጥ የነበረ የበርሜል ፋብሪካን ወደ ሕዝብ መዝናኛ ማዕከልነት ለውጣለች፤ ማዕከሉ የተከፈተው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1982 ነው። ገና ሥራው ሳይጀመር ቦታውን ልታይ ስትሄድ ልጆች ሲሯሯጡበት፣ ቤተሰቦች ሲዝናኑበት አገኘች። ጡቡንና የኮንክሪት ምሰሶዎቹን አላፈረሰችም። በሰፊው አዳራሽ ወለል ላይ እንደ ወንዝ የሚጠማዘዝ የውኃ መስመር፣ አጠገቡም የእሳት ምድጃ አበጀች፤ ሰዉም እዚያው መሰብሰቡን ቀጠለ።

በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ ባዶ በሚባሉት ሕንፃዎች ዛሬ ማን እየተጠቀመ እንደሆነም ብትጠይቁልን።

አንድ አንባቢ