በላንዲንግ ክራፍት ያገለገሉ አባቶቻችንን ድምፅ እንቅረጽ፦ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ ወገኖች፣

አባቴ የባሕር ኃይል ሞተረኛ ነበር። ባሕር ኃይል ሲባል ብዙ ሰው ነጭ ዩኒፎርምና ባለመድፍ መርከብ ይታየዋል። የአባቴ መርከብ እንደዚያ አልነበረችም። ላንዲንግ ክራፍት ነበረች። ሆዷ ጠፍጣፋ ነው። ከፊት በኩል ትልቅ በር አላት። ባሕር ዳር ድረስ ገብታ በሯን ታወርድና ታንኩን፣ ወታደሩን፣ ዱቄቱን ታራግፋለች። ቤታችን ውስጥ አንድ ፎቶዋ እንኳን የለም። የማውቀው ማታ ማታ ሲያወራ የሰማሁትን ብቻ ነው። አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሞላው። ያን ሁሉ ሲያወራ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ አውጥቼ አልቀረጽኩትም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ለዚህ ነው የቀድሞ ባሕረኞች ልጆችና ጥቂት አባቶች የተሰባሰብነው። በላንዲንግ ክራፍት ያገለገሉትን እየፈለግን ትዝታቸውን በድምፅና በምስል እየቀረጽን ነው። እስካሁን ሰባት አባቶችን ቀርጸናል። ከዚህ በላይ ለመሄድ አቅማችን አልፈቀደም።

ለምን ላንዲንግ ክራፍት ትሉ ይሆናል። ስለ ባሕር ኃይላችን ሲወራ ቶሎ የምትነሳው «ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ ናት። እ.ኤ.አ. በ1962 ከአሜሪካ የመጣችው፣ ዕጩ መኮንኖች የሰለጠኑባት። ክብሯ ይገባታል። ግን የኤርትራውን ጦርነት ቀን ከሌት የተሸከሙት እነዚያ ጠፍጣፋዎቹ ናቸው፤ የእነሱን ነገር ያነሳላቸው ሰው ጥቂት ነው።

ምጽዋን ያየ ሰው አቀማመጧን ያውቀዋል። ከፊሏ የብስ ላይ ናት። ጥዋለትና አሮጌዋ ምጽዋ ግን ደሴት ናቸው፤ የሚያገናኛቸው ባሕሩን ሰንጥቆ የተሠራ ጠባብ መንገድ ነው። በ1970 ዓ.ም. ሻዕቢያ ከተማዋን ከብቦ የአስመራውን መንገድ ሲቆርጥ፣ ውስጥ ለቀረው ጦር በሩ ባሕሩ ነበር። ጥይቱም፣ ስንቁም፣ ተተኪው ወታደርም በባሕር ገባ። ቁስለኛውም በባሕር ወጣ።

እ.ኤ.አ. በ1977 ከፈረንሳይ የመጡት ሁለቱ ላንዲንግ ክራፍቶች ፍጥነታቸው 8 ኖት ገደማ ነበር። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ከአሰብ እስከ ምጽዋ በቀጥታ መስመር እንኳ 450 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ያለ ማቆም ከ30 ሰዓት በላይ ማለት ነው፤ በቀይ ባሕር ሙቀት፣ ያውም ሞተር ክፍል ውስጥ። ሆዷ ጠፍጣፋ ስለሆነ ደግሞ ማዕበሉን አትሰነጥቀውም፤ ላዩ ላይ ትንገላታለች። ከተሳፈረው ወታደር ብዙው ባሕር አይቶ የማያውቅ የደጋ ልጅ ነበር። አባቴ «ጦር ሜዳ ሳይደርሱ ደከሙ» እያለ ያዝንላቸው ነበር።

አንድ ነገር በዝርዝር ልንገራችሁ፤ ከሰባቱ አባቶች ስድስቱ ሳንጠይቃቸው ያነሱት ነገር ነው። መርከቧ ዳር ልትወጣ ስትል፣ ገና ሳትደርስ ከኋላዋ መልሕቅ ትጥላለች። ገመዱን እየለቀቀች ትሄድና አፍንጫዋን አሸዋው ላይ ታሳርፋለች። በሩ ይወርዳል። ጭነቱ ሲወርድ ትቀልላለች። ከዚያ ሞተሯን ወደ ኋላ እያስገባች፣ ያንኑ የመልሕቅ ገመድ እየጠቀለለች ራሷን ጎትታ ታወጣለች። መልሕቁ ካልያዘ ወይም ገመዱ ከተበጠሰ ዳር ላይ ተገትራ መቅረት ይመጣል። በጦርነት ጊዜ ደግሞ ለመድፍ ከቆመች መርከብ የተመቸ ዒላማ የለም። ሞተረኛው ይሄን ሁሉ አያየውም። እሱ ከታች ነው። አባቴ «ገመዱ ሲወጠር በሞተሩ ድምፅ ይታወቀኝ ነበር» ይል ነበር። ይህን እውቀት የትኛውም ወረቀት ላይ አታገኙትም።

በኋላ፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር፣ ከሶቪየት ኅብረት ሁለት ትልልቆች መጡ። ፖላንድ ውስጥ የተሠሩ፣ ርዝመታቸው ከ70 ሜትር ያለፈ፣ ታንኮች ጭነው ሮኬትም የሚተኩሱ። የካቲት 1 ቀን 1982 ዓ.ም. ሻዕቢያ ምጽዋን ማጥቃት ሲጀምር እዚያ የነበሩ አባቶች አሉ። የብሱ ክፍል በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ተያዘ። በብርጋዴር ጄኔራል ተሾመ ተሰማ የሚመራው ጦር ጥዋለት ላይ ተከብቦ ቀረ። ስለ እነዚያ ቀናት የቀረጽናቸው አባቶች አይስማሙም። አንዱ የሚለውን ሌላው «አልነበረም» ይላል። እኛ አላስታረቅናቸውም። እያንዳንዱ እንደተናገረው ይዘነዋል።

አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ከእነዚህ ባሕረኞች ብዙዎቹ የኤርትራ ልጆች ነበሩ። አባቴን ሞተር ያስተማረው ሰው የምጽዋ ሰው ነው፤ እስከ ዕለተ ሞቱ «ወንድሜ» እያለ ነው ስሙን የሚያነሳው። ይህ ሥራ የትኛው ወገን ትክክል ነበር ለማለት አይደለም። በዚያኛውም በኩል ቆሞ እነዚህ መርከቦች ሲመጡ ያየ ሰው ቢነግረን ደስ ብሎን እንቀርጸዋለን።

መርከቦቹ አሁን የሉም። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ብዙዎቹ የባሕር ኃይሉ መርከቦች ባሕረኞቻቸውን ይዘው ወደ የመን ተሻገሩ። ከዚያም ወደ ጅቡቲ ሄዱ። የወደብ ዕዳ ተከማችቶባቸው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1996 በጨረታ ተሸጡ። ኤርትራ አራቱን ገዛች፤ የቀሩት ለቁርጥራጭ ብረት ሄዱ። ሄዶ የሚታይ፣ ልጅ ይዞ የሚጎበኝ አንድም ላንዲንግ ክራፍት አልተረፈልንም።

አሁን ወደ ጥያቄያችን ልምጣ። የሚያስፈልገን 420 ሺህ ብር ነው። አብዛኛው ለጉዞና ለቀረጻ ይውላል፤ ምክንያቱም አባቶቹ በየክፍለ ሀገሩ ናቸው፤ ዕድሜያቸውም ገፍቷል፤ እኛ እንሄዳለን እንጂ እነሱ አይመጡም። የተረፈው ለአንድ ጥሩ ስካነር፣ ለሁለት ሃርድ ዲስክና ንግግሩን ጽፎ ለሚያወጣ ሰው ነው። ሲያልቅ አንድ ቅጂ ለወመዘክር፣ ለብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት፣ ለመስጠት አስበናል። እያንዳንዱ ቤተሰብም የአባቱን ቅጂ በነፃ ያገኛል። ሒሳቡ የሚንቀሳቀሰው በሦስት ሰው ፊርማ ነው። በየሦስት ወሩ የገባውንና የወጣውን ለረዳችሁን ሁሉ እንልካለን። መቶ ብርም ትልቅ ነው፤ በእውነት ነው የምለው።

ገንዘብ ለሌለው ሌላ መንገድ አለ። ሳጥናችሁን ክፈቱ። ፎቶ ካለ ጀርባውን ገልብጣችሁ እዩ፤ ስምና ቀን ተጽፎበት ይሆናል። የአገልግሎት ደብተር፣ ደብዳቤ፣ ቆብ፣ ምንም ይሁን። አንወስድባችሁም፤ ስካን አድርገን እዚያው እንመልሳለን። በአሜሪካና በአውሮፓ ያላችሁ ደግሞ፣ ከየመን ወጥተው እናንተ ጋ የደረሱ አባቶች ካሉ አገናኙን። በስልክም ቢሆን እንቀርጻለን።

የሒሳብ ቁጥሩን ይህን ጥሪ ካደረሳችሁ ሰው ታገኛላችሁ።

የሚቀጥለው ጉዟችን ባሕር ዳር ከተማ ነው። እዚያ ያሉት አባት የበር ሠራተኛ ነበሩ፤ በሩን የሚያወርዱትና የሚያነሡት እሳቸው ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ትዝታቸው ግን ሙሉ ነው። ደውዬላቸው «መቼ ነው የምትመጡት?» አሉኝ። «ገንዘቡ እንደሞላ» አልኳቸው። «እንግዲህ ቶሎ በሉ ልጄ» አሉኝ።