ለሐይቅ ዳርቻ አንድ ገመድ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

እንደምን ከርማችኋል? እኔ ደሴ ከተማ የምኖር የአንደኛ ደረጃ መምህርትና የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ጋዜጣችሁን ባለቤቴ ቅዳሜ ይዞት ይገባል፣ እኔ እሑድ ቡና ሲፈላ አነበዋለሁ። እስከ ዛሬ ጽፌላችሁ አላውቅም። አሁን ግን ክረምቱ አልፎ፣ ትምህርት ቤት ተከፍቶም አንድ ነገር ከሆዴ አልወጣ ብሎኛል። ነገሩ እዚህ ደሴ አቅራቢያ ያለው፣ ሐይቅ የሚባለው ውሃና የልጆቻችን ነገር ነው።

ያለፈው የ2017 ክረምት ለቤታችን የሩጫ ነበር። ሐምሌ እንደገባ የእህቴ አራት ልጆች ከአዲስ አበባ መጡ። ከእኔ ሦስት ጋር ሰባት ሆኑ። ሰባት ልጅ፣ ሁለት ክፍል ቤት፣ ከዚያ ላይ የደሴ ጭጋግ። የደሴን ክረምት የኖረበት ያውቀዋል። ጦሳ ተራራ ለቀናት ይጠፋል። የታጠበ ልብስ ሳምንት ሙሉ አይደርቅም። ልጆቹ መስኮቱ ላይ ተለጥፈው «መቼ ነው የምንሄደው?» ይላሉ።

ለምን እንደምንሄድ ላስረዳ። ትልቁ ልጄ አሁን 14 ዓመቱ ነው። ረጅም መንገድ ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለው የ2014 ጥቅምት ነው። ያኔ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ከተማውን ለቀን ወጣን። እኔ ትንሹን አዝዬ፣ እሱ የእህቱን እጅ ይዞ፣ እስከ ኮምቦልቻ በእግር ሄድን። ከዚያ በጭነት መኪና ወደ ደብረ ብርሃን። ከተመለስንም በኋላ ገና ቦርሳ ሲታሰር ሲያይ «ተመልሰን እንመጣለን?» ብሎ ይጠይቀኝ ነበር። እኔና ባለቤቴ ያኔ ተነጋገርን። ይህ ልጅ ቦርሳ ሲታሰር ደስ የሚለው ልጅ መሆን አለበት አልን። ስለዚህ መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠያይቀን፣ ከደመወዛችን ቆጥበን፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ሩቅም ባይሆን ይዘናቸው እንወጣለን።

ባለፈው ክረምት ብዙ ቦታ ረገጥን። መርሳ ባለቤቴ እናት ጋ አምስት ቀን ተቀመጥን። ልጆቹ ዛፍ ላይ እንደ ወጡ ዋሉ። ኮምቦልቻ አክስቴ ጋ ሁለት ጊዜ ሄድን፣ ሙቀት ፍለጋ ነው። ነሐሴ 16 ቆቦ ነበርን። እዚያ ልጃገረዶቹ ሶለል ሲጨፍሩ የአሥር ዓመቷ ልጄ ከበሮው ስር ገብታ አልወጣም አለች። ክረምቱ መጨረሻ ላይ ደግሞ የመውሊድን በዓል ከአባቴ ዘመዶች ጋር አሳለፍን። አባቴ ሙስሊም፣ እናቴ ክርስቲያን ናቸው። ወሎ ውስጥ ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ልጆቹ ግን የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበር፤ ባሕር። ከአዲስ አበባ የመጡት በስልክ የባሕር ዳርቻ ያያሉ። አሸዋ፣ ጃንጥላ፣ ማዕበል የሚዘል ልጅ። «እኛ ለምን ባሕር የለንም?» አሉኝ። ያን ጊዜ የራሴን ነገርኳቸው።

አባቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ፊያት ከነተሳቢው። በ1977 እና በ1978፣ ወሎ በድርቁ ስትጎዳ፣ ከአሰብ ወደብ የእርዳታ እህል ያመላልስ ነበር። በ1978 ክረምት ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እናቴን ለምኜ፣ አልቅሼ፣ ጋቢናው ውስጥ ገባሁ። ባቲን፣ ሚሌን፣ ሎግያን፣ ሰርዶን፣ ማንዳን፣ ቡሬን እያልን ወረድን። የቆላው ሙቀት በቀን አያስነዳም። ሾፌሮቹ ቀን መኪናው ስር ሸራ ዘርግተው ይተኛሉ፣ ሌሊት ይነዳሉ። አሰብ የደረስነው ሊነጋ ሲል ነው። ከሩቅ መብራት አየሁ። ከተማ መሰለኝ። መርከቦች ነበሩ። ለማራገፍ ተራ ይጠብቃሉ።

አባቴ መኪናው እስኪጫን ድረስ ውሃው ዳር ወሰደኝ። ከመግባቴ በፊት ጭነት የሚያስርበትን ገመድ አመጣ። ወገቤ ላይ አሰረው። ጫፉን እጁ ላይ ጠምጥሞ፣ ሽርጡን ሰብስቦ፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ረዳቱ ሳቀበት። «ጋሼ፣ ልጅ ነች እንጂ ጥጃ ነች እንዴ?» አለው። አባቴ አልሳቀም። እኔን እያየ እንዲህ አለኝ፦ «ይሄ ውሃ ጨው ስላለው ትንሽ ይሸከምሻል። የእኛ አገር የሐይቅ ውሃ ግን ጨው የለውም፣ አይሸከምሽም። እዚያ ስትሄጂ የበለጠ ፍሪ።» ከዚያ እስክንነሳ ድረስ ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሳም። አባቴ አሁን በሕይወት የለም። የአሰብ መንገድም በ1990 ጦርነቱ ሲነሳ ተዘጋ። ልጆቼ ቀይ ባሕርን የሚያውቁት ከእኔ አፍ ነው።

ስለዚህ ባሕራችን ሐይቅ ነው። ከደሴ በወልድያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከከተማዋ ወደ ውሃው ባጃጅ አለ። ከደሴ ብርድ ወርዶ ያን ሰማያዊ ውሃ በተራራ ተከቦ ሲያዩት ደረት ይከፍታል። በጥዋት ካልተሄደ ግን ክረምት ላይ ዋጋ የለውም። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል፣ ዝናብ ይመጣል፣ ውሃው ይናወጣል።

የሄድነው ሐምሌ 19፣ የገብርኤል ዕለት ቅዳሜ ነው። ሦስት ሰዓት ላይ ደረስን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የባለቤቴ እህትና ሰባቱ ልጆች። ጀልባ ተከራየን። የማን ጀልባ እንደሆነ አልጽፍም፣ ሰውን መክሰስ አልፈልግም። ለአሥራችን አምስት ላይፍ ጃኬት ነበር። አምስቱም የትልቅ ሰው ነው። ጀልባ ነጂው አንዱን ለአሥር ዓመቷ ልጄ አለበሳት። ትከሻው ላይ ይዤ ወደ ላይ ሳብ ሳደርገው ጃኬቱ ጆሮዋ ድረስ ወጣ። እሷ ከውስጡ ሾልካ ልትወጣ ነው። «ወንድሜ፣ የልጅ የላችሁም?» አልኩት። «አብሽሪ እህቴ፣ ምንም አይሆንም» አለኝ። ደግ ልጅ ነው፣ ለክፋት አልነበረም። እኔም ተሳፈርኩ። ሰባት ልጅ ሲጓጓ ማየት ያሸንፋል። ዛሬ ይህን ስጽፍ ግን እጄ ይቀዘቅዛል።

በዚያ ጉዞ ላይ ለልጆቹ የሐይቅን ተረት ነገርኳቸው። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ተበደለች። እግዚአብሔር ተቆጣና አገሩ ሁሉ ውሃ ሆነ። እሷ የተቀመጠችበት ቦታ ብቻ ደሴት ሆኖ ቀረ። ዛሬ የእስጢፋኖስ ገዳም ያለው እዚያ ነው ይባላል። ከትልልቆቹ አንዱ «ውሃው ምን ያህል ይጠልቃል?» አለ። ጥልቅ የሚባለው ቦታ ከ80 ሜትር በላይ ነው። ሃያ ፎቅ ሕንፃ ቢገባበት ይሸፍነዋል አልኩት። ትንሹ ልጄ እጁን ከውሃው አወጣ።

ጀልባው መለሰን። ባለቤቴ ትልልቆቹን ሁለት ወንዶች ይዞ ገዳሙን ሊሳለም ሄደ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት ገዳም ነው። ሴት አይገባም። እኛ ሁለት ሴቶች ከአምስት ልጆች ጋር ዳር ላይ ቀረን።

ነገሩ የሆነው ያን ጊዜ ነው። ልጆቹ ቁርጭምጭሚት በሚደርስ ውሃ ውስጥ ይጫወታሉ። እኔ ኩርቱ ፌስታሉን ፈትቼ ድፎ ዳቦ እቆርሳለሁ። የባለቤቴ እህት ፎቶ ታነሳለች። ምን ያህል ጊዜ ነው? አንድ ዳቦ የሚቆረስበት ነው። ቀና ስል አራት ልጅ አየሁ። ቆጠርኩ። አራት።

ጩኸት አልሰማሁም። ሰው ሲሰጥም የሚጮህ፣ እጁን የሚያወዛውዝ ይመስለኝ ነበር። እንደዚያ አይደለም። አፉ ውሃ ውስጥ ነው፣ መጮኽ አይችልም። ትንሹ ልጄ፣ የስድስት ዓመቱ፣ ሁለት እርምጃ ብቻ ወደ ውስጥ ሄዶ ነበር። ሐይቅ ዳር መሬቱ በቀስታ የሚወርድበት ቦታ አለ፣ በአንድ ጊዜ የሚከዳበትም ቦታ አለ። ላዩን ሲያዩት ሁለቱም አንድ ናቸው። ክረምት ላይ ደግሞ ጎርፉ ዳርቻውን ስለሚያደፈርሰው ስሩ አይታይም።

እኔ ዋና አልችልም። የደጋ ልጅ ነኝ። እስከ ደረቴ ገባሁ፣ ከዚያ በላይ እግሬ መሬት አጣ። በታንኳ መረብ የሚያነሳ አንድ ጎረምሳ ዓሣ አጥማጅ አየኝ። መቅዘፊያውን ጥሎ ዘለለ። ልጄን በሸሚዙ ኮሌታ ይዞ አወጣው።

አሳለው፣ ውሃ አስመለሰው፣ አለቀሰ። እንደዚያ ልቅሶ የጣፈጠኝ ነገር የለም። አጠገባችን የነበሩ ሰዎች «በእግሩ ዘቅዝቂው» አሉኝ። ጎረምሳው «ተዉት፣ እየተነፈሰ ነው» ብሎ በጎኑ አስተኛው። በኋላ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ነርሷ ጎረምሳው ትክክል ነው አለችን። መዘቅዘቅና ሆድ መጫን ትውከቱን ወደ ሳንባ ሊመልስ ይችላል። የሰጠመ ሰው መተንፈስ ካቆመ ግን ቶሎ በአፍ ትንፋሽ መስጠትና ደረቱን መጫን ነው። ይህን ሁሉ ወላጅ ቢያውቀው ብዬ ጻፍኩት።

በዚያ ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ ስልኬ ላይ ሳነብ አደርኩ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓመት ወደ 300 ሺህ ሰው ውሃ ውስጥ ሰጥሞ ይሞታል። ከእነዚህ ሩብ ያህሉ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት ለዚህ ጉዳይ አንድ ቀን ሰይሟል። ቀኑ ጁላይ 25 ነው። በእኛ ሐምሌ 18፣ እኛ ሐይቅ ከመሄዳችን አንድ ቀን በፊት ማለት ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጅ ሁሉ ውሃ ዳር የሚሄድበት ወር ላይ ነው የዋለው። እኔ አስተማሪ ሆኜ አልሰማሁም ነበር። በትምህርት ቤታችንም ስለ መንገድ አቋራረጥ እናስተምራለን፣ ስለ ውሃ አንድ ቀን አስተምረን አናውቅም። ይህን በዚህ ዓመት ለመቀየር ለርዕሰ መምህሩ ነግሬአለሁ።

ለሚመለከተው አካል የምለው ይህን ነው። ሰው ሐይቅ እንዲመጣ ትጋብዛላችሁ፣ ጥሩ ነው፣ እኔም ዘመድ አዝማድ ይዤ እመጣለሁ። ግን ለልጅ የሚሆን ቦታ አበጁ። ብዙ ገንዘብ አያስፈልገውም። መሬቱ በቀስታ የሚወርድበትን ቦታ ዓሣ አጥማጆቹ እያንዳንዷን ጋት ያውቁታል። እዚያ ላይ በገመድና በሚንሳፈፍ ነገር ይከለል። ልጅ ከዚያ አይለፍ። ቅዳሜና እሑድ፣ በተለይ ሐምሌና ነሐሴ፣ አንድ ዋና የሚችል ልጅ ደመወዝ ተከፍሎት ይቀመጥ። ልጄን ያወጣው ጎረምሳ ዓይነት ብዙ አሉ፣ ሥራም ይፈልጋሉ። ጀልባ ያላችሁ ወንድሞቼ ደግሞ የልጅ ጃኬት ግዙ። ጃኬት የሚመረጠው በልጁ ክብደት ነው፣ በእግሮቹ መካከል የሚታሰር ማሰሪያ ያለው ይሻላል። የልጅ ጃኬት ከሌለ ልጅ አይሳፈር። ሥራችሁ ክረምቱን ጠብቆ የሚገኝ ትንሽ ገቢ እንደሆነ አውቃለሁ። ለልጅ ጃኬት ኪራይ ብትጠይቁን ግን የሚከለክላችሁ ወላጅ የለም። እኔ በደስታ እከፍላለሁ።

ለእናቶችና ለአባቶች ደግሞ፣ በእህትነት ነው የምናገረው። ውሃ ዳር ስንቀመጥ «ሁላችንም እያየናቸው ነው» እንላለን። ሁሉም ሲያይ ማንም አያይም። እኛ አሁን ተራ አውጥተናል። ተረኛው ስልክ አይነካም፣ ዳቦ አይቆርስም፣ ወሬ አያወራም። ልጆቹን ብቻ ያያል። ሃያ ደቂቃ ሲሆነው ለሌላው በቃል አስረክቦ ይነሳል። አባቴ ድንጋዩ ላይ ሆኖ ያደረገው ይህንኑ ነበር።

ልጄ ከዚያ ቀን በኋላ የቧንቧ ውሃ ሲከፈት እንኳ ይደነግጥ ነበር። ውሃን ፈርቶ እንዲያድግ አልፈልግም። ለጥር የግማሽ ዓመት ዕረፍት፣ ሰማዩ ጥርት ሲል፣ ሐይቅ እንደምንመለስ ነግሬዋለሁ። ያ ጎረምሳ ስልኩን ሰጥቶናል። በሁለተኛው ሳምንት ደወልኩለት። ቢጫ የዘይት ጀሪካን ክዳኑ ከተጠበቀ ጥሩ ይንሳፈፋል፣ ጀሪካኑን እኔ እሰበስባለሁ አለኝ። ገመዱን እኔ ከኮምቦልቻ ገዝቻለሁ። 60 ሜትር ነው። ፈቃድ የሚሰጠን ቢሮ የትኛው እንደሆነ በጋዜጣችሁ መልስ ቢሰጠን፣ ጥር ከመግባቱ በፊት እናስረዋለን።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት መምህርት፣ ከደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር